የውጭ ኦዲተር ምንድን ነው? ለልጆች ትምህርት የተሰጠ ገንዘብ ሲመረመር

«ኦዲተር ሊመጣ ነው» ሲባል ቢሮው ይታመሳል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ፋይል ታገላብጣለች። ሾፌሩ የነዳጅ ደረሰኝ ፍለጋ መኪናውን ይበረብራል። ሥራ አስኪያጁም «ደግሞ ምን ሊሉን ይሆን?» ይላል። ድንጋጤው የሚመጣው ኦዲተርን እንደ ሌባ ያዥ ከማየት ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

የውጭ ኦዲተር ከድርጅቱ ውጭ የሆነ፣ በድርጅቱ ውስጥ ጥቅም የሌለው፣ ፈቃድ ያለው የሒሳብ መርማሪ ነው። ድርጅቱ በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል በእጃችን ቀረ» የሚል የሒሳብ መግለጫ ያዘጋጃል። ኦዲተሩ መዝገቡን፣ ደረሰኙንና የባንኩን ሰነድ ያይና መግለጫው እውነተኛውን ሁኔታ በአግባቡ ያሳያል ወይስ አያሳይም የሚለውን ጽፎ ይፈርማል። ሥራው ይኸው ነው።

ልብ በሉ፣ መግለጫውን የሚያዘጋጀው ድርጅቱ ነው። ይህቺን ነጥብ ትንንሽ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ይስቷታል። ዓመቱን ሙሉ ደረሰኝ በካርቶን ሲያጠራቅሙ ይከርሙና ካርቶኑን ለኦዲተሩ ያስረክባሉ። እሱም መዝገቡን ራሱ ይሠራል፣ ራሱ ይመረምራል፣ ራሱ ይፈርማል። በገዛ እጁ የሠራውን ሒሳብ «ትክክል ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ሒሳብ ያዥ መቅጠር አቅም ከሌለ መዝገቡን አንድ ባለሙያ ይሥራው፣ ምርመራውን ደግሞ ሌላ።

ዳቦ ቤት ሄዶ ዳቦ የገዛ ሰው ኦዲተር አያስፈልገውም። ከፍሏል፣ ዳቦውን አይቷል፣ ቀምሷል። በበጎ አድራጎት ግን የሚከፍለውና የሚቀበለው ሰው የተለያዩ ናቸው። ለአንዲት ልጅ ደብተር፣ ዩኒፎርምና የትምህርት ቤት ክፍያ ብሎ በየወሩ ገንዘብ የሚልክ ሰው ልጅቷን ላያያት ይችላል። የልጅቷ እናት ደግሞ በልጇ ስም ስንት እንደመጣ አታውቅም። ሁለት ቦርሳና አንድ ደርዘን ደብተር ሲሰጣት አመስግና ትቀበላለች። ለምን አነሰ ብላ አትጠይቅም፤ ስንት መሆን እንደነበረበት የነገራት የለማ። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የሚያውቀው ድርጅቱ ብቻ ነው። ኦዲተሩ የሚቆመው እዚህ መካከል ላይ፣ ቢሮው ውስጥ ለሌሉት ሰዎች ሲባል ነው።

ሕጉም ይህን ያስገድዳል። በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ቀድሞ የነበረውን ጠበቅ ያለውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 የተካው እሱ ነው። ድርጅቶች የበጀት ዓመታቸው ባለቀ በሦስት ወር ውስጥ የሥራና የኦዲት ሪፖርታቸውን ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባሉ። ኦዲተሮቹን የሚቆጣጠረው ደግሞ ሌላ አካል ነው፤ የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ይባላል። የተቋቋመው በደንብ ቁጥር 332/2007 ሲሆን መነሻው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሁሉ ከፌዴራል ዋና ኦዲተር ጋር ያምታታዋል። ዋና ኦዲተር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ነው የሚመረምረው፤ የእናንተን የትምህርት ድርጅት ሊመረምር አይመጣም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኦዲተሩ ገለልተኛ መሆን አለመሆኑ የሚለየው ሪፖርቱ ሲወጣ አይደለም። የሚለየው ሲቀጠር ነው። ማን መረጠው? ክፍያውን ማን ተደራደረ? ሪፖርቱን ለማን ያስረክባል? ማን ሊያሰናብተው ይችላል? የአራቱም መልስ «ሥራ አስኪያጁ» ከሆነ፣ የኦዲት ድርጅቱ ስም የቱንም ያህል ቢገን ሥራው የይስሙላ ይሆናል። የሚመረመረው የሥራ አስኪያጁና የሒሳብ ክፍሉ ሥራ ነዋ።

ስለዚህ ድርጅቱ በማኅበር መልክ የተቋቋመ ከሆነ ኦዲተሩን ጠቅላላ ጉባኤው ይሹም። በቦርድ የሚመራ ከሆነ ቦርዱ ይሹም። በብዙ ድርጅቶች መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፤ ችግሩ የሚያነበው አለመገኘቱ ነው። በተግባር ሥራ አስኪያጁ የሚያውቀው ሰው ጋ ይደውላል፣ ዋጋ ይነጋገራል፣ ከዚያ ቦርዱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይፈርማል። የኦዲተሩ የመጀመሪያ ትውውቅ ሊመረምረው ከመጣው ሰው ጋር ሆነ ማለት ነው። የሥራ አስኪያጁ የአክስት ልጅ ከሆነማ አለቀ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ? ዝምድና፣ ብድር፣ በሌላ ድርጅት አብሮ ባለድርሻ መሆን፣ ወይም ኦዲተሩ ራሱ ለድርጅቱ አማካሪ ሆኖ መሥራቱ፣ ሁሉም ገለልተኝነትን ይነካሉ። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህ ግንኙነቶች እንደሌሉ በጽሑፍ ማረጋገጫ ጠይቁት። ደህና ኦዲተር ይህን ስትጠይቁት አይከፋውም፤ የሙያው ሥነ ምግባርም ያስገድደዋል።

አቀጣጠሩ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ቦርዱ አንድ ሁለት ገጽ ቢጋር፣ ማለትም የሚፈለገውን ሥራ የሚገልጽ ጽሑፍ ያወጣል። ድርጅቱ ምን ይሠራል፣ ስንት ፕሮጀክትና ስንት የባንክ ሒሳብ አለው፣ የበጀት ዓመቱ መቼ ያልቃል፣ መስክ መውጣት ያስፈልጋል ወይ፣ ሪፖርቱ መቼ ይድረስ። ከዚያ ቢያንስ ከሦስት የኦዲት ድርጅቶች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ፈቃዳቸው የዘንድሮ መሆኑ ይታያል፤ ያለፈበት ፈቃድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚሠራ አይጠፋም። ቀጥሎ ዋጋ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ሦስቱ ተቀራራቢ ዋጋ ሰጥተው አራተኛው በግማሽ ቢወርድ ደስ አይበላችሁ። ኦዲት የሚሸጠው ሰዓት ነው። ዋጋው ሲያንስ የሚቀነሰው የሚታየው ደረሰኝ ቁጥርና የመስክ ጉዞው ነው። ስንት ሰው፣ ስንት ቀን እንደሚመድብ ጠይቁት፤ መልሱ ዋጋውን ያብራራዋል። ከተስማማችሁ ግዴታውንና ክፍያውን የሚገልጽ የውል ደብዳቤ ይፈረማል። በድርጅቱ በኩል የሚፈርመው የቦርዱ ሰብሳቢ ቢሆን እመርጣለሁ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚያልቅ ከሆነ ነሐሴ ላይ ኦዲተር መፈለግ ዘግይቷል። ያኔ የንግድ ድርጅቶች ሁሉ የግብር ሒሳባቸውን ሊዘጉ ኦዲተሮችን ያጣድፋሉ። ግንቦት ላይ ቀጥሩ። ሰኔ 30 ላይ በመጋዘን ያለው ደብተርና ቦርሳ ሲቆጠር ኦዲተሩ ቆሞ ማየት አለበት። መስከረም ላይ ቢመጣ ዕቃው ለልጆቹ ተከፋፍሏል። ምኑን ይቆጥራል?

ኦዲተሩ ከመጣ በኋላ ምን ያያል? ባንኩን በቀጥታ ይጠይቃል። «ይህ ድርጅት እናንተ ጋ ስንት ሒሳብ አለው? ስንት ቀሪ አለው?» ይልና መልሱን ከባንኩ ለራሱ ይቀበላል፤ እናንተ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ከሰጣችሁት ወረቀት ላይ አይወስድም። የደመወዝ መዝገቡን ያያል፤ የሥራ ግብሩ ለገቢዎች፣ የጡረታ መዋጮው ማለትም ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በወቅቱ ገብቷል ወይ ይላል። የአስተዳደር ወጪውንም ያሰላል። ሕጉ ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደር ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ እንዳያወጣ ይከለክላል። ስለዚህ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው መምህር ደመወዝ ፕሮጀክት ውስጥ፣ የዋና ቢሮው ኪራይ ደግሞ አስተዳደር ውስጥ በትክክል መመደቡ ትልቅ ነገር ነው። የቢሮ ቡናና ሻይ «የልጆች ምገባ» ተብሎ ሲመዘገብ የሚያገኘውም ያኔ ነው።

የትምህርት ድርጅት ላይ ግን ከባዱ ሥራ ደረሰኝ ላይ አይደለም፤ ስም ዝርዝር ላይ ነው። 300 ዩኒፎርም መገዛቱን ደረሰኙ ያሳያል። 300 ልጅ መልበሱን ግን ማን ያሳያል? የተቀባዮች ዝርዝር ላይ 300 ፊርማ አለ። አንዳንዴ ፊርማዎቹ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ የተፈረሙ ይመስላሉ። አንዳንዴ ትምህርት ያቋረጠ ወይም ከአካባቢው የለቀቀ ልጅ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ይቀራል፤ ገንዘቡም በስሙ መውጣቱን ይቀጥላል። ደህና ኦዲተር ከዝርዝሩ ውስጥ የተወሰኑ ስሞች ራሱ ይመርጥና ትምህርት ቤት ሄዶ ከሬጅስትራሩ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ስሞቹን ድርጅቱ ከመረጠለት ምርመራ አይባልም።

ሌላው የታሰረ ገንዘብ የሚባለው ነው። አንድ ለጋሽ «ይህ ለሴት ልጆች ንጽሕና መጠበቂያ ብቻ» ብሎ ከሰጠ፣ በዚያ ገንዘብ የላይብረሪ ወንበር መግዛት፣ ወንበሩ ለልጆች ቢሆንም፣ አይቻልም። ብዙ ቅን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሌብነት የለበትም፤ ግን የኦዲት ግኝት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የልጆች ፋይል ውስጥ ፎቶ፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ አንዳንዴም የጤና ጉዳይ አለ። ኦዲተር ነኝ ብሎ ፋይሉን ሁሉ በስልኩ ፎቶ ማንሳት የለበትም። ልጅን ለብቻው ነጥሎ ማነጋገርም አይገባውም። የምሥጢር ጥበቃውና የልጆች ደኅንነት ደንባችሁ ከውል ደብዳቤው ጋር ይያያዝ፤ ወደ መስክ የሚወጡት የኦዲት ሠራተኞችም ይፈርሙበት።

ውጤቱ ከአራት አንዱ ይሆናል። ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ሁሉም የሚመኘው ነው። «ከዚህ ከዚህ በስተቀር ደህና ነው» የሚል አለ። መግለጫው እውነቱን አያሳይም የሚል ተቃራኒ አስተያየት አለ። አራተኛው «ማስረጃ ስላጣሁ አስተያየት መስጠት አልቻልኩም» የሚል ነው፤ ይህኛው ሲወጣ ለጋሽ ዝም አይልም። ነቀፌታ የሌለበት ተባለ ማለት ግን አንዲት ሳንቲም አልጠፋችም ማለት አይደለም። ኦዲተር ሁሉንም ደረሰኝ አያይም፤ ናሙና ይወስዳል። የሚለው «ጉልህ ስሕተት የለም» ነው። ገንዘቡ በጥበብ ወጣ ወይ፣ ልጆቹ ማንበብ ቻሉ ወይ የሚለውንም አይመልስም። እሱ የፕሮጀክት ግምገማ ነው፤ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ባለሙያ።

ለእኔ ከሪፖርቱ ይልቅ የሚነበበው ማኔጅመንት ሌተር የሚባለው ደብዳቤ ነው። ኦዲተሩ ያያቸውን የአሠራር ቀዳዳዎች የሚዘረዝርበት ነው። ቼክ የሚፈርመውና ዕቃ የሚገዛው አንድ ሰው ነው፣ ፔቲ ካሹ (ለጥቃቅን ወጪ በእጅ የሚያዘው ገንዘብ) በድንገት ተቆጥሮ አያውቅም፣ የባንክ ማስታረቂያ (መዝገቡን ከባንኩ ሰነድ ጋር ማመሳከር) ለወራት አልተሠራም፣ የመሳሰለው። ድርጅቶች ሪፖርቱን በክፈፍ አድርገው ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይደብቃሉ። ቦርዱ ደብዳቤውን ራሱ ተቀብሎ፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ማን እንደሚያስተካክልና እስከ መቼ እንደሆነ ማስጻፍ አለበት። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ኦዲተር መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

በውጭ አገር ሆናችሁ ለአገር ቤት ልጆች የምታዋጡም አንድ ነገር እወቁ። አሜሪካ ውስጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለሆነ ብቻ ኦዲት አድርግ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም። ካሊፎርኒያ በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ገቢ ያለውን ታስገድዳለች፤ ሌሎች ግዛቶችም የየራሳቸው ገደብ አላቸው። ዓመታዊ ገቢያቸው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማያልፍ ትንንሽ ማኅበራት ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚልኩት 990-ኤን የምትባል አጭር ማሳወቂያ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተሰባስቦ ትምህርት ቤት የሚደግፍ ማኅበር ብዙ ጊዜ ኦዲተር አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘቡን የሚቀበለውን የአገር ቤት ድርጅት የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ፣ ከነማኔጅመንት ሌተሩ። ከዚያ እናንተ የላካችሁትን በየቀኑ ምንዛሪ ወደ ብር ለውጡና ሪፖርቱ ላይ ካለው የገቢ ቁጥር ጋር አስተያዩ። በተለይ የ2016 እና የ2017 ሪፖርቶችን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ጊዜ በዶላር ሒሳብ ተቀምጦ የነበረ ገንዘብ በብር ሲሰላ በጣም ጨምሯል። ጭማሪው ሪፖርቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ከሌለ የት እንደገባ ቦርዱን በደብዳቤ ጠይቁ።