የቦሌ በረራ ቁጥጥር እና የአብራሪዎች የሬድዮ ንግግር

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳና የሚያርፍ አብራሪ ከተቆጣጣሪዎች ጋር የሚነጋገረው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ባወጣው ሥርዓት ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ሲሆን በዓለም አቀፍ በረራ አብራሪውም ተቆጣጣሪውም ቢያንስ ደረጃ 4 የቋንቋ ብቃት ሊኖራቸው ይገባል።

አየር መንገዳችን ከቦሌ በፊት ይጠቀምበት የነበረው ሜዳ ልደታ ነው። ለጄት አውሮፕላን ስለማይበቃ በ1950ዎቹ ሥራው ያኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደነበረው ቦሌ ተዛወረ።

አብራሪው ሞተር ከማስነሳቱ ጀምሮ ከአንዱ ተቆጣጣሪ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በመሬት ላይ ጉዞው ግራውንድ፣ ለመነሳትና ለማረፍ ታወር፣ ከዚያ በኋላ ራዳር ያስተናግዱታል። እያንዳንዱ የራሱ ሞገድ አለው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሬድዮውን ቁልፍ ከተጫኑ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ስለሆነ፣ ከመናገር በፊት ማዳመጥ ግዴታ ነው። ቁጥሮች በየአሃዛቸው ይነገራሉ። 9 ከሌላ ድምፅ ጋር እንዳይምታታ «ናይነር» ይባላል።

የሥርዓቱ ልብ የተቀበሉትን መመሪያ መልሶ ማንበብ ነው። ወደ ማኮብኮቢያ መግባት፣ መሻገር፣ መነሳት፣ ማረፍ፣ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ) ኮድና የከፍታ መለኪያው የሚስተካከልበት የአየር ግፊት ቁጥር ሁሉ በአብራሪው አንደበት ይደገማሉ፤ ተቆጣጣሪው ሰምቶ ያረጋግጣል ወይም ያርማል። «ሮጀር» (ሰምቻለሁ) ብሎ ማለፍ አይበቃም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በሰሜን እንጦጦ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር አለ። በግፊት ቁጥሩ ላይ የ10 ሄክቶፓስካል ስህተት የከፍታ መለኪያውን ወደ 300 ጫማ ያዛባል፤ ተራራ አጠገብ ይህ ብዙ ነው። «ቴክ ኦፍ» (መነሳት) የሚለው ቃልም የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ይነገራል። ለዚህ ጥንቃቄ ዋናው መነሻ በ1969 ዓ.ም. በቴነሪፍ ሁለት ጃምቦ ጄቶች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ያለቁበት አደጋ ነው።

ከቦሌ የሬድዮ ንግግሮች በሰነድ በዝርዝር የታወቀው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የተደረገው ነው። ሬድዮውና ሪፖርቱ የሚጠቀሙት ከእኛ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚዘገየውን የዓለም ሰዓት ስለሆነ፣ በሰነዱ 05:37 ተብሎ የሰፈረው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 08:37፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:37 ነው። በዚያች ደቂቃ ታወሩ ለኢትዮጵያን 302፣ ማለትም ለኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ ከማኮብኮቢያ 07 ቀኝ እንዲነሳ ፈቀደ፤ ከዚያም ራዳርን በ119.7 ሜጋኸርዝ እንዲያነጋግር ነገረው። አውሮፕላኑ እንደተነሳ የዋና አብራሪው መሪ አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚያቆየውን ኃይል ሊያጣ ነው የሚል የማስጠንቀቂያ ንዝረት ጀመረ። ንዝረቱ ሳይቆም ረዳት አብራሪው 8,400 ጫማ ማለፋቸውንና ወደ 32,000 እየወጡ መሆናቸውን ለራዳር አሳወቀ። ራዳሩ ለይቷቸው ወደ 34,000 እንዲወጡ ፈቀደ። ቀጥሎ የበረራ መቆጣጠሪያ ችግር እንዳለባቸው ገልጸው በ14,000 ጫማ ለመቆየት፣ ከዚያም ለመመለስ ጠየቁ። ራዳሩ ተስማምቶ በቀኝ ወደ 260 ዲግሪ እንዲዞሩ አዘዘ፤ ዋና አብራሪው መቀበሉን አረጋገጠ። አውሮፕላኑ ከተነሳ 6 ደቂቃ ገደማ በኋላ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት ኤምካስ የተባለው የአውሮፕላኑ አውቶማቲክ የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች መግፋቱን አረጋግጧል። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የሠራተኞቹ እርምጃ በሪፖርቱ በበቂ አልታየም የሚል አስተያየት አቅርበዋል። የሬድዮው መዝገብ ግን ግልጽ ነው፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ችግራቸውንም ፍላጎታቸውንም በሥርዓቱ ተናግረዋል።

የአደጋ ጥሪ «ሜይደይ» ሦስት ጊዜ፣ የአስቸኳይ ደግሞ «ፓን ፓን» ሦስት ጊዜ ነው። ሬድዮው ቢበላሽ አብራሪው በትራንስፖንደሩ 7600፣ ሌላ አደጋ ሲገጥመው 7700 ያስገባል። የመሬት ቁጥጥሩ ደካማ በሆነባቸው የአፍሪካ ሰማዮች የሚበሩ አብራሪዎች በተጨማሪ በ126.9 ሜጋኸርዝ ያሉበትን ቦታ፣ ከፍታቸውንና ቀጣዩን ነጥብ ለሌሎች አውሮፕላኖች ያሰማሉ።