ሐረር ላይ የተጻፈው የግጦሽ አንቀጽ

የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ወሰን በወረቀት የተቋጨው ሐረር ነው። ግንቦት 7 ቀን 1889 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ አዲስ አበባ ላይ ውል ሲፈራረሙ የሶማሌ ጠረፍን ነገር አሳደሩት፤ ሮድ ከሐረርጌው ገዥ ከራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ጋር ደብዳቤ ተለዋውጦ እንዲጨርሰው ተስማሙ። ግንቦት 28 ቀን ሐረር ላይ ተጻጽፈው ጨረሱ።

ጉዳዩ ለራስ መኮንን መተዉ አይገርምም። ሐረር ከጥር 1879 ዓ.ም. ወዲህ በእሳቸው ሥር ነበረች፤ የዘይላና የበርበራ ሲራራ ነጋዴ የሚደርሰውም እዚያው በመሆኑ የጠረፉን ወሬ ከማንም ቀድመው ይሰሙ ነበር። ከዚህም በላይ ከውጫሌ ውል በኋላ ኢጣልያ ድረስ ተልከው የነበሩ፣ አንድ አንቀጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ሲል ምን እንደሚያመጣ ዓድዋ ዘምተው ያዩ ሰው ናቸው።

ደብዳቤው እርስ በርስ የማይገጥሙ ሁለት ነገሮችን ይዟል። አንደኛው መስመሩ ነው። ከባሕር ተነሥቶ የነጋዴ መንገድና ኮረብታ እየተከተለ ይመጣል፤ ከ44 ዲግሪ ምሥራቅና ከ9 ዲግሪ ሰሜን መገናኛ አጠገብ ሲደርስ ግን መሬቱን ይረሳዋል። ከዚያ እስከ 47 ዲግሪ ምሥራቅና 8 ዲግሪ ሰሜን ድረስ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ሁለተኛው የግጦሹ አንቀጽ ነው፦ በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ጎሳዎች ከማዶ ባለው የግጦሽ መሬት የመጠቀም መብት አላቸው፤ ሲዘዋወሩ ግን በደረሱበት አገር ሥልጣን ሥር ይሆናሉ፤ ለመስመሩ ቅርብ ወደሆኑት የውሃ ጉድጓዶችም ያለ ከልካይ ይደርሳሉ።

ይህ አንቀጽ ያስፈለገው ቀጥታው መስመር ሐውድን ስለሚቆርጥ ነው። ሐውድ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ውሃ ግን የለውም። ሶማሌዎች ጉ የሚሉት የሚያዝያ ዝናብ ሲጥል ሣሩ ይለመልማል፤ ለምለም የጋጠ ግመልም ለሳምንታት ውሃ ሳይጠይቅ ይቆያል። ጂላል፣ ማለትም ደረቁ በጋ፣ ሲገባ ደግሞ ከሰሜን የመጡት ወደ ቋሚ ጉድጓዶቻቸው ይመለሳሉ። ሣሩ በአንዱ መንግሥት ወሰን፣ ጉድጓዱ በሌላው ወሰን ቀረ ማለት ነው።

መንጋው ዝም ብሎ አይነዳም። አስቀድሞ ሳሃን ይላካል፤ ሣርና ውሃ ፈልገው የሚመጡ ቃኚዎች ናቸው። ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ሣሩ ለግመል ይሆን ለበግ፣ የከብት በሽታ መኖር አለመኖሩን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦታው ላይ ማን እንደሰፈረና ከእነሱ ጋር ያለው የደም ነገር አልቆ እንደሆነ አጣርተው ይመለሳሉ። ከዚያ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይመክራሉ፤ የሚዳኙትም ሄር በሚባለው የቃል ሕግ ነው። ለእኔ ይህ ከነመልእክተኛው፣ ከነመረጃውና ከነድርድሩ የተሟላ የውጭ ጉዳይ ሥራ ነው። የሐረሩ ደብዳቤ ግን ጎሳዎቹን የሚያነሣቸው እንደ ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ ተዋዋዮቹ ሁለቱ መንግሥታት ናቸው።

በድሬዳዋ ዙሪያ የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌዎች ሄር በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ጥያቄ ኅዳር 2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

የሐረሩ የግጦሽ አንቀጽ ትልቁን ጣጣ ያመጣው ወልወል ላይ ነው። ወሰኑ መሬት ላይ ምልክት ከተደረገበት በኋላ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የጋራ ኮሚሽን ጎሳዎቹ የሚጠቀሙበትን ግጦሽ ለማጥናት ወደ ኦጋዴን ዘለቀ። ኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል ሲደርስ የኢጣልያ ጦር ጉድጓዶቹን ይዞ ጠበቀው። ኮሚሽኑ ገለል አለ፤ አጃቢው የኢትዮጵያ ጦር ግን ፊት ለፊት ተፋጦ ቀረ፤ ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ። ሙሶሎኒ ይህንን ሰበብ አደረገ፤ አቤቱታው ጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ደርሶ ሲጓተት ከርሞ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ተጀመረ። በትምህርት ቤት የወልወል ግጭት ሲባል የድንበር ጠብ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ሰዎቹ ሣርና ውሃ ሊያጠኑ እንደሄዱ የነገረን አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ሐውድ በእንግሊዝ አስተዳደር ቆየ። ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. በተፈረመ ስምምነት ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ የግጦሽ መብቱ እንደገና ተጻፈ፤ የሶማሌላንድ ሽማግሌዎች ግን መሬታችን ሳንጠየቅ ተሰጠ ብለው ለንደን ድረስ ሄደው ከሰሱ። ሰኔ 1952 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ነፃ ስትወጣ ውሉን የፈረመው መንግሥት ከስፍራው ወጣ፤ በ1956 እና በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት መጣ።

ዛሬም መንጋው ዝናቡን ተከትሎ ይሻገራል። የተለወጠው ውሃው ነው። ከ1940ዎቹ ወዲህ ሐውድ ላይ ቢርካ እየበዛ ሄደ፤ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ጉድጓድ የጎሳ ነበር፤ ቢርካ ግን ያስቆፈረው ሰው ንብረት ነው፣ በጂላል በበርሜል ይሸጣል፣ ዙሪያው መንደር ይሆናል፣ መንደሩም ግጦሹን በእሾህ ያጥራል። የ1889ኙ ደብዳቤ ስለ ጉድጓድ እንጂ ስለ ቢርካ አያወራም።