«ፎ ፓ»፦ እርምጃ እንዴት «አይደለም» ሆነ?

ሰሞኑን በአንድ ማዕድ ዙሪያ፣ ፈረንሳይኛ የተማረ ወጣት «ፎ ፓ» የሚለውን አባባል «ሐሰት አይደለም» ብሎ ሲተረጉም ሰማሁ። «ፎ» ሐሰት፣ «ፓ» ደግሞ አይደለም ከሆነ ስሌቱ የሰመረ ይመስላል፤ ሆኖም እዚህ ያለው «ፓ» ከላቲኑ «ፓሱስ» የመጣ ስም ሲሆን ትርጉሙ እርምጃ ነው። አባባሉም በሰው ፊት እግር ሲስት፣ ማለትም ሳያስቡት ነውር ሲሠሩ፣ የሚነገር ነው።

የሚደንቀው አሉታው «ፓ» ራሱ ከዚሁ እርምጃ መወለዱ ነው። የጥንቱ ፈረንሳይኛ ግሥን ለማፍረስ «ነ» ብቻ ይበቃው ነበር፤ ክህደቱን ማጽናት የፈለገ ተናጋሪ ግን አንድ ኢምንት ነገር ያክልበታል። መንገደኛው «አንድ እርምጃ አልሄድም» ሲል «ፓ»ን፣ በላተኛው «ፍርፋሪ አልበላሁም» ሲል «ሚ»ን፣ ጠጪው «ጠብታ አልጠጣሁም» ሲል «ጉት»ን ይጨምር ነበር።

ይህን ለመረዳት የአያቴ ጓዳ ይበቃኛል። ጮጮው ጎድሎ ሲገኝ «ወተቱን ማን ነካው?» ትላለች፤ እኛም የላይ ከንፈራችን ላይ ነጩ መስመር ሳይደርቅ «ኧረ ጠብታ አልቀመስንም!» ብለን እንምላለን። «አልቀመስንም» ብቻ ማለት ለእንዲህ ያለ ክስ እንደማይበቃ ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር። ቤሳ ቤስቲን የለኝም የሚል ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከሦስቱ «ፓ» ለምን አሸነፈ? እኔ እንደምገምተው ከበሬው ኋላ ውሎ የሚገባው ገበሬም ሆነ ስፔን ወዳለው የቅዱስ ያዕቆብ መካነ መቃብር በእግሩ የሚጓዘው ተሳላሚ፣ ከሚበላውና ከሚጠጣው ይልቅ የሚረግጠው ስለሚበዛ ነው። «ሚ» ዛሬ የዳቦ ልብ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ «ጉት»ም «ምንም አይታየኝም» በሚለው «ዠ ኒ ቯ ጉት» ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። «ፓ» ግን እርምጃነቱ ተረስቶ፣ የእኛ «አልሄድም» ግሡን በ«አል» እና በ«ም» መካከል እንደሚይዘው፣ ከ«ነ» ጋር ግሡን ከፊትና ከኋላ ያዘው።

አሁን ደግሞ «ነ» በንግግር እየተዋጠ «አላውቅም» ለማለት «ዠ ሴ ፓ» ብቻ ይባላል፤ ቃል በቃል ቢፈታ «አውቃለሁ እርምጃ» እንደ ማለት ነው። በጨዋታ መካከል ይሁን፤ በመደበኛ ደብዳቤ ላይ «ነ»ን መጣል ግን ስንፍና ነው። ያ ወጣት ደግሞ እርምጃ በእርምጃ ማለት የሆነውን «ፓ ዛ ፓ» ምን ሊለው ነው፤ «አይደለም በአይደለም»?