የፍሪጅ በረዶ፦ ጋዝ ከማስሞላትዎ በፊት የበረዶውን መልክ ይዩ

ጅማ ላይ ዝናቡ ሲከብድ ፍሪጅም አብሮ ይታመማል። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ውሃ ያዘለ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ያ እርጥበት ገብቶ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ይጋገራል። ጤነኛ ፍሪጅ አቅልጦ ያስወጣዋል። ማቅለጫው የደከመበት ግን በጋውን እንደምንም አልፎ ክረምት ላይ እጅ ይሰጣል። ያኔ ከጎረቤትም ከጠጋኝም የሚሰማው ምክር ግማሹ የተሳሳተ ነው።

«በረዶ ከጋገረ ጋዙ አልቋል»

ብዙ ብር የሚያስወጣው ስህተት ይህ ነው። ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር እንጂ እንደ ከሰል ነድዶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከቀነሰ የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ተፈልጎ ሳይበየድ የተሞላ ጋዝ ደግሞ በዚያው መንገድ ይወጣል።

ጋዝ መጉደሉን ወይም ማቅለጫው አለመሥራቱን የሚናገረው የበረዶው መልክ ነው። ኖ ፍሮስት (በረዶውን ራሱ የሚያቀልጥ) ፍሪጅ ከሆነ ስፒናውን ይንቀሉና ወዲያው፣ ሳይቀልጥ፣ ከፍሪዘሩ ጀርባ ያለውን ሽፋን ብሎኖች ይፍቱ። ቱቦው ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ነጭ በረዶ ከተሸፈነ ጋዙም ሞተሩም ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ የቆመው ማቅለጫው ነው። በረዶው በአንድ ጫፍ ሁለት ሦስት ቱቦ ላይ ብቻ ተቀምጦ ሌላው ደረቅ ከሆነ ግን ጋዝ ጎድሏል ወይም ሞተሩ ደክሟል የሚለው ጥርጣሬ ትክክል ነው። ሽፋኑ በበረዶ ተጣብቆ እምቢ ካለ አይታገሉት፤ ከኋላው የፋን ሽቦ አለ። ከውጭ በኩል ሽፋኑ ላይ የወጣው በረዶ ራሱ በቂ ምስክር ነው።

ሌላም ምልክት አለ፦ ከላይ ፍሪዘሩ ሥጋ እያደረቀ ከታች ወተቱ የሚበላሽ ከሆነ፣ በረዶው የአየር መተላለፊያውን ዘግቶታል። ፍሪጁን ነቅለው በሩን ከፍተው 24 ሰዓት ያቆዩት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት እንደ አዲስ ሠርቶ እንደገና ታች መሞቅ ከጀመረ ጥርጣሬው አበቃ፤ ችግሩ ማቅለጫው ላይ ነው።

«ኖ ፍሮስት በረዶ አይሠራም»

ይሠራል። የሚለየው ራሱ ስለሚያቀልጠው ነው። በየተወሰነ ሰዓቱ ታይመሩ (አዳዲሶቹ ላይ ቦርዱ) ሞተሩን አቁሞ ከቱቦው ሥር ያለውን ሂተር ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ያህል ያበራል። ቱቦው በቂ ሙቀት ሲያገኝ ባይሜታል የሚባለው መቁረጫ ሂተሩን ያጠፋዋል፤ እሱ ካልቆረጠ የመጨረሻው ጠባቂ ፊውዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲሞት በረዶው ይከመራል።

ታይመር ያለው ፍሪጅ ላይ ፍተሻው ቀላል ነው። ፍሪጁ እየሠራ የታይመሩን ክብ እንብርት በካቻቢቴ ቀስ አድርገው ያዙሩት። «ቀጭ» ብሎ ሞተሩ ዝም ሲል የማቅለጫው ተራ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ጠብታ ሂተሩ ላይ ሲወድቅ ትሽ ትሽ የሚል ድምፅ ከተሰማ ሂተሩ ደህና ነው፤ ጥፋተኛው በራሱ መዞር ያቃተው ታይመር ነው።

ዝም ካለ ስፒናውን ነቅለው በቴስተር ይለኩ። 150 ዋት ሂተር በ220 ቮልት 320 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፣ 200 ዋቱ ደግሞ 240 አካባቢ። ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል። ባይሜታሉ ላይ ግን ልምድ ያላቸው ሰዎችም ይሳሳታሉ፦ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ለክተው «ሞቷል» ይሉታል። ባይሜታል ሲሞቅ መስመሩን ማቋረጥ ተፈጥሮው ነው፤ የሚያገናኘው ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ነው። የተፈጨ በረዶ ከጨው ጋር ደባልቀው በላስቲክ ጠቅልለው ለ10 ደቂቃ ይቅበሩትና እንደገና ይለኩት። ውሃና በረዶ ብቻ አይበቃም፤ ከዜሮ አይወርድም። ፊውዙ በተቃራኒው ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ማስተላለፍ አለበት። ከተቃጠለ በላዩ የተጻፈውን ዲግሪ አይተው በእኩያው ይተኩት፤ ባይሜታሉንም አብረው ይቀይሩ፣ ብዙ ጊዜ ፊውዙን የሚበላው አልቆርጥ ያለ ባይሜታል ነውና። ፊውዙን በሽቦ አገናኝቶ መሄድ ቤት የማቃጠል ሥራ ነው።

«መብራት ስለሚጠፋ በረዶው በራሱ ይቀልጣል»

ለሁለትና ሦስት ሰዓት መብራት ሲጠፋ የሚቀልጠው የላይኛው ገጽ ብቻ ነው። ያ ውሃ ወርዶ መውጫው ቀዳዳ አፍ ላይ ይጠራቀምና መብራቱ ሲመጣ እዚያው ይረጋል። ታይመሩም መብራት ከሌለ አይቆጥርም፤ ስለዚህ የማቅለጫው ተራ ይዘገያል።

የቮልት መውረድም ዋጋ አለው። የሂተር ጉልበት ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል፦ 220 ሲጠበቅ 170 ቮልት ብቻ ከገባ 180 ዋት የነበረው ሂተር ወደ 107 ዋት ይወርዳል። በዚያ አቅም ግማሹን አቅልጦ ሰዓቱ ያልቅበታል። ማታ ማታ አምፖሉ የሚደበዝዝበት ሰፈር ከሆነ ሂተር ከመቀየርዎ በፊት ሶኬቱን ይለኩ።

«ቁጥሩን ከፍ ካደረግነው ይስተካከላል»

የቴርሞስታቱ (የቅዝቃዜ ማስተካከያው) ቁጥር ከፍ ሲል ሞተሩ አያርፍም። ባለአንድ በሩ ፍሪጅ ደግሞ የታችኛው ጀርባ ግድግዳው የሚቀልጠው ሞተሩ ባረፈበት ጊዜ ነው፤ ዕረፍት ከሌለ ግድግዳው ራሱ በረዶ ይሆናል። ሌላም ነገር አለ፦ የጋዝ ከረጢት ያለው ቴርሞስታት የአየር ግፊት ሲቀንስ ዘግይቶ ይቆርጣል። ጅማ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር አካባቢ ከፍ ስለምትል ያው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ትንሽ ያበርዳል። መሀል ላይ ይተዉት። ባለአንድ በሩ ፍሪዘር ውስጥ በረዶው 5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ የቴርሞስታቱን መሀል ቁልፍ መጫን ነው፤ ቀልጦ ሲያልቅ ራሱ ይነሳል።

«በቢላ ቢፈነቀል ቶሎ ይለቃል»

ቱቦው ስስ አሉሚኒየም ነው። አንድ ጊዜ ከተወጋ ጋዙ ይወጣል፤ የአዳዲሶቹ አር-600ኤ ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ፎጣ አንጥፈው የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ፍሪዘሩ ውስጥ ያስቀምጡ፣ በሩን ይዝጉ፣ በየ15 ደቂቃው ውሃውን ይቀይሩ። የፈላ ውሃ በቀጥታ ማፍሰስ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

«ከሥር ውሃ ካፈሰሰ ቧንቧው ተበሳ»

አብዛኛው ፍሪጅ ከቤት ቧንቧ ጋር አይገናኝም። የአትክልት መሳቢያው ሥር ውሃ ካገኙ የቀለጠው ውሃ መውጫ ተዘግቷል። ከመርካቶ የመጣ ጎመን ሳይንጠፈጠፍ ገብቶ የጣለው ቅጠል፣ የበርበሬ ዱቄት፣ ጠብ ያለ ቅቤ፣ ሁሉም እዚያ ይሰበሰባል። ጀርባ ግድግዳው ሥር ያለውን ቀዳዳ ይፈልጉና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 50 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ደጋግመው ይግፉበት። ከኋላ ሞተሩ ላይ ባለው ሳህን ሲንጠባጠብ ካዩ ተከፍቷል። ሽቦ አይክተቱ፤ የፕላስቲክ ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ያወልቀዋል።

«ጎማው ካልተቀየረ አይሆንም»

መጀመሪያ አንድ የብር ኖት በሩ ላይ አስገብተው ይዝጉና ይሳቡት። ያለ ትግል ከወጣ በዚያ በኩል እርጥበት ይገባል። ብዙ ጊዜ ጎማው የደረቀ እንጂ የሞተ አይደለም፦ በሳሙና አጥበው፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ይዘውበት፣ በእጅ ሳብ ሳብ አድርገው ቅርጹን ይመልሱ። የፊት እግሮቹንም ትንሽ ከፍ ያድርጉ፤ ፍሪጁ ወደ ኋላ ጋደል ሲል በሩ ራሱ ይዘጋል። ማዕዘኑ ላይ ከተቀደደ ብቻ ይቀይሩት፣ ሲገዙም አሮጌውን ይዘው ይሂዱ።