ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ለደንበኞቹ የሚልከው ኢሜይል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ መደብር ብቻ ያለው ነጋዴ የማስተዋወቂያ ኢሜይል ሲልክ ደንበኛው የት እንደሚገበያይ መጠየቅ አያስፈልገውም። ቅርንጫፎቹ ሃያ ወይም ሁለት መቶ ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ መልእክት ከመላኩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «ይህ ሰው የየትኛው ቅርንጫፍ ደንበኛ ነው?» የሚለው ይሆናል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ጥያቄ አቅልሎ ከማየት ነው።

«የደንበኛውን ስም መጥራት በቂ ነው»

ስም ማስገባት ቀላል በመሆኑ ብዙዎች ከዚያ ይጀምራሉ፤ የሚያሳዝነው እዚያው ማቆማቸው ነው። በስሙ የተጠራ ደንበኛ ቀጥሎ የሚያነበው ቅናሽ እሱ በማይደርስበት ከተማ ያለ ቅርንጫፍ ያወጣው ከሆነ፣ ስሙ መጠራቱ ስህተቱን ያጎላዋል እንጂ አይሸፍነውም። በአንጻሩ ስም የማይጠራ፣ ነገር ግን ደንበኛው የሚሄድበትን ቅርንጫፍ የሥራ ሰዓት፣ በዚያ በእርግጥ የሚገኘውን ዕቃና ትክክለኛውን ስልክ ቁጥር የያዘ መልእክት ይጠቅመዋል።

ስሙም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም። በመረጃ ቋቱ ውስጥ የስምና የቅርንጫፍ ቦታው ባዶ ከሆነ፣ ለደንበኛው የሚደርሰው «ውድ ፣ በ ቅርንጫፋችን የተዘጋጀልዎትን ቅናሽ ይመልከቱ» የሚል ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ በራሱ የሚሞላ ቦታ ሁሉ ተተኪ ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል፤ ለስም «ውድ ደንበኛችን» ማለት ይበቃል። ቅርንጫፉ ካልታወቀ ግን በግምት አንዱን ከመጥቀስ ያንን ክፍል ጨርሶ አውጥቶ «የትኛው ቅርንጫፍ ይመችዎታል?» የሚል አጭር ጥያቄ ማስገባት የተሻለ ነው።

«ለቤቱ የሚቀርበው ቅርንጫፍ የደንበኛው ቅርንጫፍ ነው»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሲታይ ትክክል ይመስላል። ኮምፒውተር ርቀትን ብዙውን ጊዜ የሚለካው በቀጥታ መስመር ነው፤ ሰው ግን የሚሄደው በመንገድ ነው። በካርታ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቅርንጫፍ በመካከል ወንዝ ወይም የባቡር ሐዲድ ካለ ከአምስት ኪሎ ሜትሩ ይልቅ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የሚገበያየው ከቤቱ አጠገብ ሳይሆን ከሥራ ቦታው አቅራቢያ ወይም ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሲያመጣ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው።

የተሻለው አካሄድ መረጃዎችን በታማኝነታቸው ቅደም ተከተል መጠቀም ነው፦ መጀመሪያ ደንበኛው ራሱ የመረጠው ቅርንጫፍ፣ እሱ ከሌለ በተደጋጋሚ የገዛበት፣ ሁለቱም ከሌሉ ብቻ የመኖሪያ አድራሻው። እዚህ ላይ «በተደጋጋሚ» የሚለው ሊሰመርበት ይገባል። በጉዞ ላይ እያለ አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ የገዛን ሰው ወደዚያ ቅርንጫፍ ማዛወር ስህተት ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹን በርካታ ግዢዎች በአዲስ ቦታ የፈጸመን ሰው በአሮጌው ቅርንጫፍ ስም መጥራትም እንዲሁ ስህተት ነው።

ኢሜይሉ በተከፈተበት የአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ መሣሪያውን በሚለየው ቁጥር) የደንበኛውን ቦታ ማወቅ ይቻላል የሚሉም አሉ። ላኪው ይህን አድራሻ የሚያየው፣ ኢሜይሉ መከፈቱንም የሚቆጥረው በውስጡ ያለው ሥዕል ከሰርቨሩ (መረጃ ከሚያቀርበው ኮምፒውተር) ሲጫን ነው። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በኢሜይል ውስጥ ያሉ ሥዕሎችን በራሱ ሰርቨሮች በኩል ያቀርባል፤ አፕልም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ባወጣው የኢሜይል ምስጢር ጥበቃ የተጠቃሚውን አይፒ አድራሻ ከላኪው ይሰውራል። በዚህ መንገድ የሚገኘው «ቦታ» ብዙውን ጊዜ የሰርቨሩ እንጂ የአንባቢው አይደለም።

«እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ኢሜይል ቢልክ ይሻላል»

ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው፤ አካባቢውን ከቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን በሦስት ቅርንጫፎች የገዛ ሰው በሦስት ዝርዝሮች ስለሚመዘገብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ አንድ ቅናሽ ሦስት መልእክት ይደርሰዋል። ሰልችቶት ከአንዱ ዝርዝር ሲወጣ ሁለቱ መላካቸውን ይቀጥላሉ፤ እሱ ግን የሚያውቀው አንድ ድርጅት ብቻ ስለሆነ ጥያቄዬን ናቁት ብሎ በሚቀጥለው «ስፓም» (ያልተፈለገ መልእክት) የሚለውን ይጫናል። የዝርዝር መውጫው ገጽ «ከዚህ ቅርንጫፍ ብቻ» እና «ከሁሉም» የሚሉ ሁለት ግልጽ ምርጫዎች ሊኖሩት፣ ውሳኔውም በአንድ ማዕከላዊ ቋት ሊመዘገብ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሁሉንም ነገር ዋናው መሥሪያ ቤት ይጻፍ ማለትም መፍትሔ አይሆንም፤ የሚወጣው ለሁሉም የተጻፈና ለማንም የማይሆን ጽሑፍ ነው። በተግባር የሚሠራው የተቆለፉና ክፍት ክፍሎች ያሉት አንድ የጋራ አብነት ነው። አርማው፣ የቅናሹ ደንብ፣ የድርጅቱ አድራሻና የዝርዝር መውጫው ሊንክ ይቆለፋሉ፤ የቅርንጫፉ ፎቶ፣ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር የአካባቢ ዜናና የሚቀርበው ዕቃ ምርጫ ለሥራ አስኪያጁ ይተዋል። ሥራ አስኪያጁ እስከ ቀነ ገደቡ ካልሞላው ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳይሆን ተሰውሮ እንዲላክ ማድረግ ያስፈልጋል።

«የእኛ ቅርንጫፍ ጥቂት ስለሚልክ የጅምላ ላኪዎች ደንብ አይመለከተውም»

ይመለከተዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በቀን 5,000 ወይም ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ግል የጂሜይል አድራሻዎች የሚልኩ ላኪዎች ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የተባሉትን የማንነት ማረጋገጫዎች እንዲያሟሉ፣ የማስተዋወቂያ መልእክታቸውም በአንድ ጠቅታ ከዝርዝር መውጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። የስፓም ቅሬታቸውም 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ያሳስባል። ቆጠራው የሚካሄደው በዋናው ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻው ከ@ ቀጥሎ በሚመጣው የድርጅቱ ስም) ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው በቀን 100 መልእክት ወደ ግል የጂሜይል አድራሻዎች የሚልኩ 50 ቅርንጫፎች ገደቡ ላይ ደርሰዋል፣ ለየቅርንጫፉ ንዑስ ዶሜይን መክፈትም ከቆጠራው አያስመልጥም። አንድ ጊዜ በጅምላ ላኪነት የተቆጠረ ዶሜይን ኋላ ላይ መጠኑን ቢቀንስም ከምድቡ አይወጣም። ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ከየትም የገዛውን የአድራሻ ዝርዝር የሚጠቀም አንድ ቅርንጫፍ ጥፋቱ ለራሱ ብቻ እንደማይቀር ነው፤ ዶሜይኑ የጋራ እስከሆነ ድረስ የሌሎቹም መልእክት ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል።

«የዋናው መሥሪያ ቤት አገር ሕግ ለሁሉም ይበቃል»

ቅርንጫፎቹ በተለያዩ አገሮች ካሉ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካ የንግድ ኢሜይል ሕግ ቀድሞ ፈቃድ መጠየቅን ግዴታ ባያደርግም የላኪው የፖስታ አድራሻ በመልእክቱ ውስጥ እንዲኖር፣ ከዝርዝር የመውጣት ጥያቄም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ያዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የካናዳ ሕግ ግን ከመላክ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ መቼና በየትኛው ቅርንጫፍ እንደተገኘ ከአድራሻው ጋር አብሮ መመዝገብ አለበት።

«ብዙ ሰው የከፈተው ኢሜይል የተሻለው ቅርንጫፍ ሥራ ነው»

ቀደም ብሎ የተጠቀሰው የአፕል የኢሜይል ምስጢር ጥበቃ ሥዕሎችን አንባቢው መልእክቱን ሳይከፍት አስቀድሞ ስለሚጭን፣ ያልተነበበ መልእክት እንደተነበበ ሊቆጠር ይችላል። የአፕል ስልክ ተጠቃሚ የሚበዛበት አካባቢ ያለ ቅርንጫፍ ምንም የተለየ ሥራ ሳይሠራ በሪፖርቱ ላይ ቀዳሚ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። የቁጥር ማነስም አለ፤ 300 ተቀባዮች ባሉት ቅርንጫፍ 1 በመቶ ሦስት ሰው ነው፣ ሦስት ሰው ደግሞ በአጋጣሚ ብቻ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። የርዕስ ወይም የይዘት ሙከራ ተመሳሳይ ቅርንጫፎችን በአንድነት ሰብስቦ መካሄድ ያለበት ሲሆን፣ መለኪያውም የሊንክ ጠቅታ፣ በቅርንጫፉ የቀረበ የቅናሽ ኮድና ግዢ ቢሆን ይሻላል። ለጥቂት ተቀባዮች ሆን ተብሎ ኢሜይሉ ሳይላክ ግዢያቸው ቢነጻጸር፣ ኢሜይሉ ያመጣው ለውጥ ይበልጥ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ለሁሉም በአንድ ሰዓት መላክ ይቻላል»

ቅርንጫፎቹ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ካሉ ይቻላል። ካልሆነ የመላኪያው ሰዓት በቅርንጫፉ ሰዓት ይሰላል።

«አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ በራሱ ይሠራል»

ኢሜይሉን የሚሞላው የቅርንጫፎች ሠንጠረዥ ነው፦ ስም፣ አድራሻ፣ የሥራ ሰዓት፣ ስልክ፣ የካርታ ሊንክ፣ የሥራ አስኪያጅ ስም። ብዙ ድርጅት ይህን ሠንጠረዥ በመጀመሪያው ወር በጥንቃቄ ይሞላና ከዚያ በኋላ ባለቤት አይመድብለትም። ሥራ አስኪያጁ ከለቀቀ ወራት ቢቆጠሩም ደብዳቤው በእሱ ስም ይወጣል፤ ማክሰኞ የተዘጋው ቅርንጫፍ ሐሙስ ዕለት «ይጎብኙን» ይላል፤ ምክንያቱም የልደት፣ የእንኳን ደህና መጡና ተጀምሮ ያልተጠናቀቀ ግዢ ማስታወሻ መልእክቶች ማንም ሳያዛቸው የሚሄዱ ናቸው።

ቅርንጫፍ ሲዘጋ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ቅርንጫፉ በራሳቸው ከሚሄዱት መልእክቶች ሁሉ ይወጣል፤ ቀጥሎ ደንበኞቹ አንድ ጊዜ መዘጋቱ ተነግሯቸው አዲስ ቅርንጫፍ እንዲመርጡ ይጠየቃሉ፤ መልስ ያልሰጡት በግዢ ታሪካቸው ወይም በአድራሻቸው ይመደባሉ። ቀደም ሲል የተላኩት ኢሜይሎች በደንበኞች ሳጥን ውስጥ ስለሚቆዩም፣ የተዘጋው ቅርንጫፍ ገጽ ከመጥፋት ይልቅ መዘጋቱን የሚገልጽና ሌሎቹን ቅርንጫፎች የሚያሳይ ገጽ ሆኖ መቆየት አለበት።