የደ ሃቪላንድ ሕግ ምንድን ነው?

ሰባት ዓመት ስንት ነው? የቀልድ ጥያቄ ይመስላል። የሆሊውድ ተዋናይዋ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ግን ለዚህ መልስ ብላ ፍርድ ቤት ተመላልሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1930ዎቹ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) የሆሊውድ ተዋናይ ደሞዝተኛ ነበር። ለሰባት ዓመት ይፈርማል፣ በየሳምንቱ ይከፈለዋል፣ የተሰጠውን ይሠራል። ስቱዲዮው ከፈለገ እንደ ዕቃ ያውሰዋል። ኦሊቪያ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው ፊልም ላይ ሜላኒን የተጫወተችው በውሰት ነው፤ አሠሪዋ ዋርነር ብራዘርስ ነበር። ለዚያውም የአለቃዋን የጃክ ዋርነርን ሚስት አማላጅ አድርጋ ነው የተፈቀደላት!

የተሰጠውን ሚና እምቢ ያለ ይታገዳል፣ ደሞዙም ይቆማል። እሺ ይሁን። ጉዱ ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው፤ የታገደበት ጊዜ በሙሉ ውሉ መጨረሻ ላይ ይቀጠልበታል። ስለዚህ እምቢ ባልክ ቁጥር ውሉ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ሰባቱ ዓመት መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቀው ስቱዲዮው ብቻ ነው። ኦሊቪያ ደግሞ ከተዋናዩ ኤሮል ፍሊን አጠገብ አምሮ መቆም ሰልችቷት ደጋግማ እምቢ ብላለች። በ1943 ውሌ አለቀ ብላ ልትወጣ ስትል ገና ስድስት ወር ገደማ ይቀርሻል ተባለች።

ጠበቃዋ ማርቲን ጋንግ ከካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ አንድ አንቀጽ መዘዘ፤ 2855። ሠራተኛን ከሰባት ዓመት በላይ በውል አስሮ ማቆየት አይቻልም ይላል። ዋርነር የሚቆጠረው የሠራችበት ጊዜ ነው ብሎ ተከራከረ። እሷ ደግሞ ዓመት ማለት ካላንደር ላይ ያለው ነው አለች። በቃ፣ ክርክሩ ይኸው ነው።

ቀላል አልነበረም። ከዓመታት በፊት ተዋናይዋ ቤቲ ዴቪስ ከዚሁ ስቱዲዮ ጋር ለንደን ላይ ተሟግታ ተሸንፋለች። ዋርነርም ለሌሎቹ ስቱዲዮዎች እንዳይቀጥሯት ደብዳቤ ስለበተነ፣ ኦሊቪያ የጠበቃ ወጪ ከኪሷ እየከፈለች ሁለት ዓመት ገደማ ያለ ፊልም ቆየች። በታኅሣሥ 1944 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሰባት ዓመት ማለት ሰባት የካላንደር ዓመት ነው ብሎ ፈረደላት። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን አላይም አለ። ሕጉ በስሟ መጠራት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚያማ ሚናዋን ራሷ መረጠች። በ1946 እና በ1949 በሠራቻቸው ፊልሞች ሁለት ኦስካር ወሰደች፤ በ1986 የቴሌቪዥን ሥራዋ ደግሞ ጎልደን ግሎብ። ክስ ግን ሱስ ሳይሆንባት አልቀረም፤ 101 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት በተከታታይ ድራማ ላይ ያለፈቃዴ ተሳልኩ ብላ ኤፍ ኤክስ የተባለውን ቻናል ከሰሰች። ይሄኛውን ተሸነፈች።

ሕጉ ዛሬም ይሠራል። ለዘፋኞች ግን ቀዳዳ አለው፤ በ1987 የገባው ማሻሻያ ሙዚቃ አሳታሚዎች ሰባት ዓመት ሞልቶት የሄደን ዘፋኝ ላላስረከባቸው አልበሞች ካሳ እንዲጠይቁት ይፈቅዳል። ሰርቲ ሰከንድስ ቱ ማርስ የተባለው ባንድ ውሌ አብቅቷል ብሎ ሲወጣ፣ አሳታሚው 30 ሚሊዮን ዶላር ክፈሉ ብሎ ከሷቸው ነበር። በ2009 ታርቀው እዚያው ቀሩ።