የዱርጋ ማንትራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልቡ የፈራ ወይም ጉልበቱ የዛለ ሂንዱ ብዙ ጊዜ የሴት አምላኩን የዱርጋን ስም ይጠራል። «ኦም ዱም ዱርጋያይ ናማሃ» የሚለው አጭር ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል የተቀደሰ ቃል) ለዚህ ከሚደገሙት አንዱ ነው። በእኛ መስከረም ወይም ጥቅምት በሚውለው የናቫራትሪ በዓል ዘጠኝ ሌሊቶች ደግሞ የዱርጋ ጸሎት በየቤቱና በየቤተ መቅደሱ ይሰማል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሕንዳውያን ጋር አብረው የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። የሌላውን ጸሎት ባንቀበለው እንኳ ባልሆነው ነገር ልንከሰው አይገባም።

«ጠላት ማጥቂያ መተት ነው»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ አባባል ነው። የዱርጋ አምልኮ ዋና መጽሐፍ ዴቪ ማሃትምያ ይባላል፤ 13 ምዕራፎች ያሉት ሲሆን በልማድ 700 ስንኝ ተብሎ ይቆጠራል። ዱርጋ የጎሽ መልክ የሚይዘውን ጋኔን ማሂሻሱራን መግደሏ በዚያ ተተርኳል፤ ጦርነቱ አይካድም። ነገር ግን ታሪኩ የሚነገረው ለማን እንደሆነ ልብ በሉ። አንደኛው አድማጭ መንግሥቱን የተቀማው ንጉሥ ሱራታ ነው። ሁለተኛው ሀብቱን ፈልገው የገዛ ሚስቱና ልጆቹ ያባረሩት ነጋዴው ሳማዲ ነው። ሁለቱም ጫካ ተሰደው አንድ ጠቢብ ያገኛሉ፤ የሚጠይቁትም በቀልን አይደለም፤ «ልባችን የጣሉንን ለምን ይናፍቃል?» ይላሉ። በመጨረሻ ንጉሡ ጠላቶቹን አሸንፎ መንግሥቱን እንዲያገኝ ይለምናል። ነጋዴው ግን «እኔ» እና «የእኔ» ከሚለው እስራት የሚፈታ እውቀት ይለምናል። ሁለቱም የለመኑትን ያገኛሉ። ይህን መጽሐፍ የጠላት ማጥፊያ ብቻ አድርጎ ማየት ነጋዴውን ከታሪኩ ማውጣት ነው።

«ብርታቱ ከውጭ ተልኮ የሚመጣ ነው»

የመጽሐፉ አምስተኛ ምዕራፍ ሌላ ነገር ይላል። አማልክቱ የሚያቀርቡት ውዳሴ ዱርጋን በፍጥረት ሁሉ ውስጥ በኃይል መልክ ያለች፣ በእንቅልፍ መልክ ያለች፣ በረሃብ መልክ ያለች፣ በእናት መልክ ያለች እያለ እየደጋገመ ይሰግድላታል። ረሃብ እንኳ ተቆጥሯል! ስለዚህ ይህን የሚደግም ሰው የሚጠራው በራሱ ውስጥ ያለውን ኃይል ነው፤ ያው ኃይል በሚፈራው ሰው ውስጥም አለ። እኔ በበኩሌ ከጠቅላላው ጽሑፍ የበለጠ የሚነካኝ ይህ ክፍል ነው።

«አንድ ፊደል የሳተ መቅሠፍት ይወርድበታል»

ለድምፁ የሚደረገው ጥንቃቄ እውነተኛ ነው። ዘጠኝ ክፍለ ቃላት ያሉትን ሌላውን የዱርጋ ማንትራ፣ ናቫርናን፣ ከመምህር መቀበል እንደሚገባ የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። ይሁንና የዴቪ ማሃትምያ ንባብ ሲያልቅ የሚባል የይቅርታ ጸሎት አለ፦ የተዘለለ ፊደል፣ የጎደለ ቃል ቢኖር ሁሉንም ይቅር በይ ይላል። ስህተት እንደሚኖር ቀድሞ ያሰበ ሥርዓት እንዴት ለስህተት ቅጣት ያዘጋጃል?

«ጮክ ብለው ካላሉት አይሠራም»

እንዲያውም ማኑስምሪቲ የተባለው ጥንታዊ የሂንዱ የሕግ መጽሐፍ በልብ የሚደገመውን ከሁሉም በላይ ያስቀምጠዋል። 108ቱ የመቁጠሪያ ፍሬዎችም ልብ እንዳይባዝን ይረዳሉ።

«የዱርጋን ካቫቻ የደገመ ሐኪም አያስፈልገውም፤ ሳይንስም አረጋግጦታል»

ካቫቻ ከራስ እስከ እግር እያንዳንዱን የሰውነት ክፍል ለአንድ የዱርጋ መልክ አደራ የሚሰጥ ጸሎት ነው። በሽታ ይጠፋል የሚል ተስፋም ይዟል፤ ይህ የእምነት ቃል ነው፣ የሕክምና ማስረጃ ግን አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. በአንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎችን የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ እንዲሁም አንድ ማንትራ አስደግሟል። በሁለቱም ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል ዝግ አለ፤ የልብ ምታቸውም ከዚሁ ጋር ተስማማ። ማንትራው ግን የቡድሂስቶች እንጂ የዱርጋ አልነበረም፤ የተለካውም የትንፋሽ፣ የልብና የደም ዝውውር ሥርዓት እንጂ የበሽታ መዳን አልነበረም።